አሳምረን ያበላሸነው አኮርዲዮን

ጡረታ የወጣሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ያስወጣኝ ዶዘር ነው። ጠዋት የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ፣ ከሰዓት የፈረሰ ሱቅ ፊት ለፊት ካርቶን ታቅፌ የቆምኩ ሰው ሆንኩ። አሁን ጂፕሰም ነው የምሠራው፤ የሰው ጣሪያ አሳምራለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም። ብቻ ጂፕሰም ምንም አይልህም። ብታበላሸው ዝም፣ ብታሳምረው ዝም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ዓመት ሦስት ሰው ሞተብን። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጋሽ መንበሩ ከፋሲካ በፊት ሄዱ። ዘፋኟ እትዬ ውብአለም ክረምት መግቢያ ላይ። የሳቸው አፈር ሳይደርቅ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋሽ ዘነበ ተከተሉ። ለሦስቱም ቴሌቪዥኑ ያንኑ ደገመው፦ አንጋፋው፣ ታላቁ፣ ምትክ የማይገኝለት። አቦ ተዉን! ምትክ የማይገኝላቸው ጋሽ መንበሩ አምስት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳክስፎናቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ አንገቱ ወጥቶ፣ ከኋላቸው የቆመ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነዎት እንዴ?» ሲላቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አዎ ልጄ» አሉት። «ውሃ የጠፋበት ሰፈር ካለ ንገረኝ።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ልጁን ላንቀው ነበር።

እኔ እንደ ቴሌቪዥኑ ሰው ሙዚቃ መተንተን አልችልም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ተሰዳድቤ የቀረሁ ሰው ነኝ። የማውቀው የመሣሪያቸውን ሆድ ዕቃ ነው። የጋሽ መንበሩ ሳክስፎን የት ቦታ ምራቅ እንደሚያጠራቅም፣ የጋሽ ዘነበ አኮርዲዮን ስንት ቦታ እንደተጠገነ፣ እሱን ጠይቁኝ።

ትምህርት ያቋረጥኩ ሰሞን እናቴ እጄን ይዛ ጋሽ ደምሴ ጋ ወሰደችኝ። ሱቃቸው ከዶሮ ማነቂያ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ሱቅ ያልኩት ለክብራቸው ነው፤ በር ያለው ቁም ሳጥን በለው። ግድግዳው ላይ ጊታር፣ ጣሪያው ላይ ማሲንቆ፣ መሬቱ ላይ ሆዱ የተከፈተ ኪቦርድ። ጋሽ ደምሴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ምን ይችላል?» አሉ።

«አፉ ይሠራል» አለች እናቴ። «ሌላውን እርስዎ ያሠሩት።»

ደመወዜ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፣ ለጫማ አይበቃም። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጋሽ ደምሴ ጠባያቸው ለብቻው ነው። ደንበኛ መጥቶ ይሄ ተበላሸ፣ ያ አልሠራ አለ ሲል አይሰሙትም። «አታውራው፣ ተጫወተው» ይላሉ። እየተጫወተ ጆሯቸውን ብቻ የሚሰጡ እንዳይመስልህ፤ ዓይናቸው ጣቱ ላይ ነው። የትኛው ጣት እንደሚከብድ፣ የትኛው እንደሚፈራ ያያሉ። መሣሪያ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በልብስ ሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ሊጸልዩ የሚገቡ ነው የሚመስሉት። ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ሳይዘጉት ምሳ አይበሉም። ስንቱን ቀን በሳቸው የተነሳ በረሃብ ጮኼያለሁ!

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ዕቃ ነው፣ ይጠብቀናል!»

«አንተ ሆድህ ተከፍቶ ሐኪሙ ምሳ ልብላ ብሎ ቢሄድ ደስ ይልሃል?»

«እንደ ምሳው ነው።»

ሳቃቸውን ለመደበቅ ጎንበስ ይላሉ።

ጋሽ መንበሩን ያወቅኩት እዚያ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ሲረግፍ ሰው ሠራሽ አስተከሉ፣ እሱ ደግሞ ሳክስፎኑን ሲነክሱት ይንሸራተታል። ሳክስፎኒስት ጥርሱ ከከዳው አለቀለት። ሱቃችን መጥተው፣ መሣሪያውን ባንኮኒው ላይ አስተኝተው፣ «ደምሴ፣ ሽጥልኝ» አሉ። ጋሽ ደምሴ ወጥተው ከሳይክል ጠጋኙ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ለምነው መጡ። ጥርስ የሚያርፍበትን ቦታ በላስቲኩ ለበጡት፣ በምላጭ አሳሱት፣ በአሸዋ ወረቀት አለሰለሱት፣ እንደገና ቀደው ጣሉት፣ እንደገና ለበጡት። ጋሽ መንበሩ በየመሃሉ እየነከሱ ይሞክራሉ። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ላይ ጥርሱ ያዘ።

«ደምሴ፣ ይሄ የሳይክል ጎማ ነው አይደል?»

«ነው።»

«መድረክ ላይ ቢተነፍስስ?»

«ትነፋዋለሃ! ሥራህ ምን ሆነና?»

ጋሽ መንበሩ በዚያ ላስቲክ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጫወቱ። የዛሬ ሳክስፎኒስት ሁሉ ያንን የሳቸውን ረጅም ትንፋሽ ሊቀዳ ሲታገል እሰማለሁ። ቅዱ፣ ቅዱ፣ ግን ላስቲኩንም አትርሱ።

አሁን ወደ አኮርዲዮኑ። ከዚህ በኋላ ያለው ይከብደኛል፤ የሱቃችን ትልቁ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ደግሞ ከስንፍና አልመጣም። ከፍቅር ነው የመጣው፤ ለዚህም ነው ያመመን።

ጋሽ ዘነበ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከእትዬ ውብአለም ጋር አንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ሠርተዋል። የሁለቱን ዘፈን እናቴ ልብስ ስታጥብ ስትዘፍነው ነው ያደግኩት። አንድ ቀን አኮርዲዮናቸውን ተሸክመው መጡ፤ ወናፉ ቀዳዳ አውጥቶ ሲስቡት ያፏጫል። «ቀዳዳዋን ብቻ ድፈኑልኝ» ብለው ለጠበል ወጣ ብለው ሊከርሙ ሄዱ።

ጋሽ ደምሴ አኮርዲዮኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት። ቁልፎቹ ቢጫ ሆነዋል፣ የወናፉ ጠርዝ ተበልቷል።

«ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስደስተን ኖረ» አሉኝ። «እንደ አዲስ አድርገን እናስደንግጠው።»

«ቀዳዳዋን ብቻ ብለዋል እኮ።»

«አንተ ስጦታ ሰጥተህ አታውቅም?»

ገባንበት። የወናፉን ማዕዘኖች በሙሉ በስስ የበግ ሌጦ ቀየርን። አኮርዲዮን ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው ቀጫጭን የብረት ምላስ ነው፤ እያንዳንዱ ምላስ በሰም ተጣብቆ ይቀመጣል። የድሮው ሰም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጋሽ ደምሴ ጊዮርጊስ በር ላይ ከሚሸጡት ሴትዮ ጧፍ ገዝተው ያመጣሉ፤ ሌላ ሰም አያምኑም። ክሩን እያወጣን አቀለጥነው። ሱቁ ውስጥ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተ። ቁልፎቹን በጥርስ ሳሙና ፈተግኳቸው። በመጨረሻ መቃኘት መጣ። እኔ ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካውን አፕ ከፈትኩ፤ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል። ጋሽ ደምሴ አንድ በአንድ ነፉ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። መሃል አካባቢ አንዷ ጋ ስንደርስ ቀይ። ዝቅ ብላለች፤ ብዙ አይደለም፣ ሰው ሲከፋው ድምፁ እንደሚወርደው ያህል።

«አርጅታ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ምላስ ከጫፉ ስትፍቀው ድምፁ ይወጣል፣ ከሥሩ ስትፍቀው ይወርዳል። ከጫፏ ፋቋት። አረንጓዴ በራ። እጅ ተጨባበጥን፣ ምሳ በላን።

ጋሽ ዘነበ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አኮርዲዮኑ ያበራል። እኔ የደንበኛ ፊት የማየት ልማድ የለኝም፣ ያን ቀን ግን ከፊታቸው ዓይኔን አልነቀልኩም። ተቀመጡ፣ ማንጠልጠያውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ጀመሩ። ወናፉ እንደ ሐር ነው። ጋሽ ደምሴ እንደ ሙሽራ አባት ፈገግ ብለዋል። ከዚያ ጋሽ ዘነበ ያቺ ቁልፍ ላይ ደረሱና ቆሙ። ተመልሰው ነኳት። አንዴ ደገሙ። ማንጠልጠያውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«እጃችሁ ይባረክ» አሉ። «በጣም ቆንጆ ነው። የማነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«የርስዎ ነው እንጂ ጋሼ፣ የማን ይሆናል?»

«የኔ እዚህ ጋ ዝቅ ትላለች።» ጣታቸውን ቁልፏ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ውብአለም ነበረች።»

ያኔ ነገሩን። ሆቴሉ ባንድ ውስጥ እትዬ ውብአለም ገና ጀማሪ ሳሉ እዚያች ድምፅ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ትንሽ ይወርዱ ነበር። አለቃቸው በየልምምዱ «ወጣ በይ! ወጣ በይ!» እያለ ይጮሃል። አልወጡም፣ አይወጣላቸውም። እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልሽ ሂጂ አላቸው። ጋሽ ዘነበ ለማንም ሳይናገሩ አኮርዲዮናቸውን ቤት ወስደው፣ ምላሷን ራሳቸው ከሥሯ ፍቀው፣ ወደ ውብአለም አወረዷት። ቅዳሜ ሁለቱ ገጠሙ። አለቅየው፣ «አየሽ? ስትሠሪ ይወጣልሻል!» አለ።

ያ ዘፈን በካሴት ወጣ። አገር ሰማው። ከዚያ ወዲህ ዘፋኝ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ዝቅ ይላል፣ ሆን ብሎ፣ እንደ ውብአለም ለመሆን። እናቴም ልብስ ስታጥብ ትወርድ ነበር ለካ። እኛ ደግሞ ይሄንን በሞረድና በስልክ አጠፋነው።

«እናንተ ጋ ትቀመጥ» አሉ ጋሽ ዘነበ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ኮፍያቸውን አስተካክለው ባዶ እጃቸውን ዳገቱን ወጡ።

ጋሽ ደምሴ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ መሣሪያ ለኔ ይሰጣሉ፣ እሳቸው አኮርዲዮኑ ፊት ይቀመጣሉ። የጋሽ ዘነበ ልጅ ትዕግስት ስትመጣ አባቷ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያንቀሳቅሱ ነገረችን። ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፣ ከሳቸው አኮርዲዮን ተምራለች። «ሌላ ልግዛልህ ብለው እንቢ አለኝ» አለች። «አባዬ ካልተጫወተ አይቆይልኝም።»

እሷ ስትወጣ እኔ ነደድኩ።

«ታዲያ ከሥሯ እንፋቃትና እናውርዳታ! ምን ያስለቅሰናል?»

«እስከ የት?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ስንት ታወርዳለህ? ምላሷ እኮ ከአሁኑ ሳስታለች። አንዴ ነው የምትችለው። ከበዛ ትሰበራለች።»

«ካሴቱን እንስማዋ።»

«የማን ቴፕ ላይ? አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎትታል። በካሴት ቃኝቼ ደግሜ ልግደላት?»

የቀረን አንድ መንገድ ነበር፣ ራሳቸው እትዬ ውብአለም። እሳቸው ደግሞ ዘፈን ከተዉ ቆይተዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንስሐ ገብተው፣ ለንስሐ አባታቸው ቃል ሰጥተው፣ አምስት ኪሎ ቤታቸው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማይሉ ሴት ሆነዋል። ጋሽ ደምሴ ይዘውኝ ሄዱ። ታሪኩን ለእትዬ ውብአለም አጫወቷቸው።

«እሱ ነው ያወረዳት?» አሉ። «እኔ እኮ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን!»

«አልነገረሽም?»

«ዘነበ? ዘነበ ቤቱ ቢቃጠል የሚናገር ሰው ነው?» ነጠላቸውን አጣፉ። «ግን አልዘፍንም ደምሴ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

እኔ አፌ መቼ ያርፋል። «እትዬ፣ አንዲት ድምፅ ናት እኮ። አንድ ድምፅ ዘፈን ይባላል?»

«ዝም በል!» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

እትዬ ግን አዩኝ። «ይሄ ልጅ የማን ባለጌ ነው?» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «አፌን ካልከፈትኩ፣ ቃል ካላወጣሁ... አባን ልጠይቅ» አሉ።

አባ ምን እንዳሉ አላውቅም። ብቻ በሳምንቱ እትዬ ውብአለም ጉልበታቸውን እየደገፉ፣ እኔን ተመርኩዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ጋሽ ዘነበ አስጠርተናቸው ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ ቆመዋል። ሰላም ተባባሉ፣ ሦስቴ ተሳሳሙ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ፒያሳ ስለሁለቱ ብዙ ያወራ ነበር። እኔ ያየሁት ይሄንን ነው።

እትዬ ውብአለም የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸውን ገጥመው አንጎራጎሩ። አንዲት ድምፅ፣ «እምምም»። ጋሽ ደምሴ ምላሷን ከሥሯ አንዴ ነካ አድርገው ፋቁ፣ አሰሙ። እትዬ አፋቸውን መክፈት ስለማይፈልጉ በጣታቸው ነው የሚያሳዩት፤ ወደ ታች፣ ገና። እንደገና ፋቁ። ወደ ታች። የጋሽ ደምሴ ግንባር ላብ አወጣ። ምላሷ ፀጉር አክላለች። አንድ የመጨረሻ ፋቁ፣ እንደ መዳበስ ነው። አሰሙ። የሴትዮዋና የብረቷ ድምፅ አንድ ሆነ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የእትዬ ጣት ቆመ።

ጋሽ ዘነበ አኮርዲዮኑን ወሰዱ፣ ነኳት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከድሮው ትወርዳለች» አሉ።

እትዬ ውብአለም ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «እኔስ ከድሮው አልወረድኩም? ያልወረድክ አንተ ብቻ ነህ?»

ጋሽ ዘነበ ሲስቁ ያኔ ነው የሰማሁት። አኮርዲዮኑን ታቅፈው ቤታቸው ገቡ፣ እስከመጨረሻው ያንኑ ተጫወቱ።

ሱቁ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ ገላን ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኔ ጂፕሰም። ዘንድሮ ደግሞ ያው ሦስቱም ሄዱ።

ባልደረቦቻቸው ለሦስቱ አንድ መታሰቢያ ስድስት ኪሎ አካባቢ አዳራሽ ይዘው አሰናዱ። በዕለቱ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ትዕግስት ደወለች። የአባቷን አኮርዲዮን ራሷ ልትጫወት ነው። «ኪቦርዲስቱ አንዲት ድምፅ አልገጥም አለችኝ ይላል» አለች። «ሞረድህን ይዘህ ና፣ አስተካክላት።» ለካ አባቷ ለሷም አልነገሯትም። ቤታቸው ቢቃጠል የማይናገሩ ሰው።

ጋሽ ደምሴ ጋ ደውዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ልብሴ ሙሉ ነጭ አቧራ ነው። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ሄድኩ። ያቺ ምላስ ሌላ ፍቀት አትችልም፣ ብትችልም አልነካትም። ልጁን ምን እንደምለው ቃል በቃል ደርድሬዋለሁ።

ኪቦርዲስቱ ናቲ ይባላል፣ ጆሮውን የተበሳ ልጅ ነው። ልምምድ ላይ ናቸው።

«ፍሬንድ፣ መጣህ? ይቺ ኖት ሸውራራ ሆናብኝ...»

«ሸውራራ አያትህ!» አልኩት። ከዚያ አፌ ተፈታ። ሆቴሉን፣ አለቅየውን፣ ጧፉን፣ የተገጠመውን ከንፈር፣ ሁሉንም መድረኩ ላይ ዘረገፍኩት። ትዕግስት አኮርዲዮኑን ታቅፋ አለቀሰች። እኔ ለመልስ ምቱ ተዘጋጅቼ ናቲ ላይ አፈጠጥኩ።

«እንዴ፣» አለ ናቲ፣ «እና ይሄንን መጀመሪያ አይነግሩኝም?» ወደ ኪቦርዱ ዞሮ ቁልፎች ነካካ። ኪቦርዲስቶች ለቅኝት ሲሉ አንዷን ድምፅ ለብቻዋ ማውረድ ይችላሉ ለካ። «ትዕግስትዬ፣ ያዣት እስቲ። እኔ ልውረድላት።»

ቀስ እያለ ወረደ፣ እስኪገጥሙ ድረስ። ጊታሪስቱ፣ «እኔስ?» አለ። «አንተም ውረድ» አለው ናቲ። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዳንዴ ሰው እንዲህ ጨዋ ሆኖ ያሳፍርሃል።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ደምሴ ከገላን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዘፋኝ አልቆመም፤ ትዕግስት ዜማውን በአኮርዲዮን ጀመረች፣ ቦታውን ክፍት ትተውታል። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ጀመረች፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው አዳራሹ በሙሉ ወረደ።

የወረዱት ግን በካሴቱ ነው፣ በወጣቷ ውብአለም። አኮርዲዮኑ ደግሞ ከነሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ በአሮጊቷ ውብአለም ነው። ሁለት ድምፅ እንደዚያ ሲቀራረብና ሳይገጥም አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄን ጠጋኝ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጥርስህ ሥር ትሰማዋለህ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ውስጥ ያለው ሞረድ ላይ ሄደ።

ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ።

«ሰማሃት?» አሉኝ።

«ሰማሁ ጋሼ። አልገጠመችም።»

«አዎ» አሉ። «አትንካት።»